ሸላሚዋ ያልገባችበት ሽልማት

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፣ ግንቦት ውስጥ፣ ንፋስ መውጫ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ስፖርት በነፃ የደከሙ በጎ ፈቃደኞች ሊሸለሙ አዳራሹ ሞልቷል። በሩ ተዘጋ። ስፖርተኞቹ ውጭ ቀሩ።

ዜናው ይህ ነበር። በማግስቱ የተነገረው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ያየሁትንና ጠይቄ ያረጋገጥሁትን ብቻ በቅደም ተከተሉ አስቀምጣለሁ።

ጋዜጠኛ ነኝ፤ ዓርብ ዕለት ለዘገባው አርብ ገበያ ከተማ ነበርሁ። ለሽልማት ከታጩት አንዱ እዚያ የሚያስተምር የስፖርት መምህር ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከከተማውና ከዙሪያው ቀበሌዎች የሚመጡ ወጣቶችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ያሠለጥናል። ሩጫ አለ፣ ኳስ ውርወራ አለ፣ ዝላይ አለ። ደመወዝ የለውም። ገበያው ተበትኖ ገበሬው አህያውን እየነዳ ወደየቀዬው ሲያቀና፣ መምህሩ ከአንድ አባትና ከሴት ልጃቸው ጋር ሆኖ የንፋስ መውጫ ሚኒባስ ሲጠብቅ አገኘሁት። አብረን ተሳፈርን።

ልጅቷ ሃያ ዓመት ገደማ ይሆናታል። በአጭር ርቀት ሩጫ ከቡድኑ የሚቀድማት የለም። ንግግሯ ዘገም ይላል፤ ለነገር ግን አትዘገይም።

«አንተ ትሮጣለህ?» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ድሮ እሮጥ ነበር።»

«ድሮ ይሄ ሆድ አልነበረም?»

«እረፊ አንቺ!» አሏት አባቷ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። የሚኒባሱ ረዳት ነገሩ ጥሞት፣ «እኔንስ ትቀድሚኛለሽ እህቴ?» ቢላት፣ ከላይ እስከ ታች አየችውና «አንተማ በር ላይ ተንጠልጥለህ ነው የምትሮጠው» አለችው። ሹፌሩ ሳይቀር መሪውን እየመታ ሳቀ።

የምትሄደው ለመታየት ብቻ አልነበረም። አዘጋጆቹ ለመምህሩ ደውለው፣ እያንዳንዱን በጎ ፈቃደኛ መድረክ ላይ የሚሸልመው ራሱ ያሠለጠነው ስፖርተኛ እንደሚሆን ነግረውታል። የመምህሩ ሸላሚ እሷ ናት። ሳምንቱን ሙሉ በጥጃ ማሰሪያ ገመድ ስትለማመድ ሰንብታለች፤ ሜዳሊያ ተቀባዩ አባቷ ነበሩ። «አንገቴን ልትነቅለው ምንም አልቀራት» አሉኝ፣ አንገታቸውን እያሻሹ።

መንገድ ላይ አባትየው የሆዳቸውን አጫወቱኝ። ቤታቸው እንግዳ ሲመጣ ልጅቷን ጓዳ ያስገቧት ነበር። «ጠልቻት አይደለም» አሉ። «ሰው ሲያፈጥባት አልወድም። ክፉ ሰው ይስቃል፣ ደግ ሰው ደግሞ ከንፈሩን ይመጣል። ሁለቱም ያው ነው።» በዚያው ቀበሌ ብዙ ቤት የሚደረገው ይኸው ነው። መምህሩ ይህን ሰምቶ ቤታቸው ድረስ ሄደ። ልጅን ጓዳ መደበቅ ነውር ነው ብሎ ፊት ለፊት ነገራቸው። እሳቸውም፣ እሺ ነውር ይሁን፣ ሜዳ ስትውል ከብቱን ማን ይጠብቅ? አሉት።

«ወንፈል እንግባ» አላቸው።

ወንፈል የጉልበት ብድር ነው። ዛሬ ጎረቤትህ ማሳህ ላይ ይውልልሃል፤ በተራህ አንተ የእሱ ላይ ትውላለህ። መምህሩ ብድሩን በጉልበት ይመለስልኝ አላለም። የሁለት ጠዋት ሩጫዋን ጠየቀ። ከሰዓት በኋላ ስለሚያስተምር፣ ልምምድ በሌለበት ጠዋት አባትየው የሚያርሱትን እየተከተለ ጓል ይከሰክስ ጀመር፤ በልምምዷ ቀን ከብቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

«ሲከሰክስ ብታየው!» አሉ አባትየው። «ጓሉ እሱን ነው የሚከሰክሰው። ግን አንድ ቀን አልቀረም።»

መምህሩ «ኧረ አባባ፣ አሁንማ ለምጃለሁ» ሲል፣ «ለምዶ ነው እንዲህ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጅቷ ክረምት ለሚደረገው የክልሉ ውድድር ተመርጣለች። እናቷ አልተስማሙም፤ እሳቸውም ልባቸው አልቆረጠም። «ነገ በዓይኔ ላየው ነው የመጣሁት» አሉ። «መንግሥት በጠራው ጉባኤ ላይ ቆማ ሰው እንደ ሰው ከተቀበላት፣ ትሩጥ። እናቷንም እኔ አሳምናለሁ። ካልሆነ ቤቷ ይሻላታል።»

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት አስተባባሪ ተቀበለን። መምህሩን አቅፎ ሳመው። ከዚያ ልጅቷንና ከሌሎች ወረዳዎች የመጡትን ስፖርተኞች አየና፣ «ልጆቹ በጀርባ በኩል ወዳለው ግቢ ይግቡ፤ ጥላ አለ፣ ለስላሳ አለ» አለ።

«መቼ ነው የሚጠሯት?» አለ መምህሩ።

«ፕሮግራሙ ትንሽ ተስተካክሏል። ሽልማቱን ተማሪዎች ናቸው የሚያቀብሉት።»

ዞር ስል በሩ አጠገብ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ ተማሪዎች ሜዳሊያ የተደረደረበት ሰፌድ ይዘው ቆመዋል። በእነሱ አልፈርድም። የታዘዙትን ነው የያዙት።

መምህሩ ፊቱ ተለዋወጠ። «እሷ ካልገባች እኔም አልገባም» አለ።

የመለሱለት አባትየው ናቸው። «ግባ መምህር። የተጠራኸው አንተ ነህ። እንግዳ ሆነን የሰው ድግስ አናበላሽም።» ልጅቷን በክንዷ ይዘው ወደ ጀርባው ግቢ ወሰዷት። ለመድረኩ በተሰፋላት አዲስ ቀሚስ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

እኔ አስተባባሪውን ያዝሁት።

«ማን ነው የወሰነው?»

«ከላይ ነው ጋሼ።»

«ከላይ ማን?»

«ኮሚቴው።»

«አንተ የኮሚቴው አባል አይደለህም?»

«ነኝ» አለ። እንዳይዋሽ ጨዋ ነው። «ትልልቅ እንግዶች አሉ። ድንገት ቢጮሁስ? መድረክ ላይ ቢደነግጡስ? ደግሞ ለእነሱው ክብር ብለን ነው፤ ሰው እንዳያፈጥባቸው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰብሁት ይህን መልስ ነው። ክፋት ቢሆን ይቀል ነበር፤ ክፋትን ስሙን ጠርቶ መጻፍ ይቻላል። ይህ ግን ገበሬው ጓዳውን የዘጋበት ምክንያት ነው፤ በኮሚቴ ተወስኖ፣ ባጅ አንጠልጥሎ፣ በአበባ ከተሸለመ አዳራሽ ገባ። እኛ ተምረናል ባዮች ለዓመታት በየገበሬው ቤት እየዞርን አትደብቁ፣ አውጡ ስንል ኖረናል። አውጥተው ይዘዋቸው ሲመጡ ደግሞ እኛው ደበቅናቸው። ያሸነፈው ሯጭ ደጅ ተቀምጦ አሠልጣኙ ብቻ የሚሸለምበት ሌላ ስፖርት አይቼ አላውቅም።

አዳራሹ ውስጥ የክብር እንግዳው ንግግር አደረጉ። «እነዚህን ምንም የማያውቁ ምስኪኖች መርዳት የሰማይ ቤት ስንቅ ነው» አሉ። ተጨበጨበ። ስለ ሩጫ አንድ ቃል አልተናገሩም። ማን ሮጦ ማን እንደቀደመ፣ ምን ዓይነት ልምምድ እንደሚሠራ፣ ሜዳው ድንጋይ እንደሆነ የጠቀሰ ተናጋሪ አልነበረም። ስፖርቱ ምጽዋት ሆኖ ቀረበ፣ ስፖርተኞቹም ተመጽዋች። እነዚያ በጎ ፈቃደኞች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ከወገዳ ሌሊት ተነሥታ በአይሱዙ ጋቢና የመጣችውን ነርስ ጨምሮ ሁሉም ይገባቸዋል። የተመሰገኑት ግን ባልሠሩት ሥራ ነው። የሠሩት ማሠልጠን ነው።

መምህሩ ተራው ሲደርስ ወጣ። የክብር እንግዳው ሜዳሊያውን ሲያጠልቁለት ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ሲናገር አየሁ። እንግዳው ፈገግ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሙዚቃው ከፍ ያለ ነበር። ሲወርድ ምን እንዳላቸው ጠየቅሁት።

«ልጆቹ ውጭ ናቸው አልኋቸው።»

«እሳቸውስ?»

«‹በርታ› አሉኝ።»

ወደ ጀርባው ግቢ አብረን ሄድን። ልጅቷ ሜዳሊያውን ስታይ ብድግ አለች። «ማን አደረገልህ?» አለችው። መምህሩ አውልቆ ሊሰጣት እጁን ሲያነሣ አባትየው ከለከሉት።

«ተወው፤ ተደርጓል» አሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። አልጮሁም። «እኔ ጓዳ ሳስገባት ነውር ነው አልኸኝ። ልክ ነህ አልሁና አወጣኋት። ይሄስ ግቢ የማን ጓዳ ነው?»

ተከትሎን የመጣው አስተባባሪ «አባባ፣ ምሳ ተዘጋጅቷል» አላቸው። ይስጥልኝ ብለው ልጃቸውን ይዘው ወጡ።

በማግስቱ የዞኑ ዜና፣ በጎ ፈቃደኞቹ «ስፖርተኞቹ በተገኙበት በደማቅ ሥነ ሥርዓት» መሸለማቸውን ተናገረ። ዘጋቢውን አውቀዋለሁ፤ ደወልሁለት። ውጭ መሆናቸውን አላየህም? አልሁት። «ግቢው ውስጥ ነበሩ እኮ» አለኝ። ለአለቃዬም የራሴን ዘገባ ላክሁ። የበሩ ነገር ተቆርጦ፣ የሽልማቱ ብቻ ወጣ። ለምን ብዬ ስጠይቅ፣ «በጎ ሥራን አናጠልሽ» የሚል መልስ አገኘሁ። የተዘጋውን በር መጻፍ ማጠልሸት ከሆነ፣ የዘጋው ሰው ምን ሊባል ነው?

ረቡዕ ጠዋት አርብ ገበያ ተመልሼ ሄድሁ። መምህሩ ከተከራየው ቤት ጓሮ ትንሽ የድንች መሬት አለችው። ደጁ ስደርስ አባትየው ዶማቸውን ይዘው ቆመዋል፤ እሱ መንገድ ዘግቶባቸዋል።

«ምን ሊሠሩ ነው አባባ?»

«ወንፈሌን ልመልስ።»

«እኔ ጉልበት መቼ ጠየቅሁ? እሷን ብቻ ይላኩልኝ።»

«እሷን አልክም። እናቷም እኔም ቆርጠናል። እሷን ካልላክሁ ደግሞ ጉልበትህ ዕዳ ሆኖብኛል። ወንፈል በልቶ ቀረ ልባል?»

«አባባ፣ እኔ ምን በደልሁ?»

«አንተ አልበደልህም። ለዚህ ነው ልመልስልህ የመጣሁት።»

መምህሩ በእግዜር ስም ለመናቸው። እሷ ምን አለች ብሎ ጠየቃቸው። «ታለቅሳለች» አሉት። ከዚያ ገለል በል አሉትና ወደ ጓሮው አለፉ። እሱም ዶማ ፈልጎ ተከተላቸው። ጎን ለጎን ቆፈሩ።

ፀሐይ ሳትበረታ መሬቱ አለቀ። ሐሙስ ጠዋት ልምምድ ነበር። ልጅቷ አልመጣችም።