ሲሞት የኖረው ታም ኮይ

ታም ኮይ በሆንግ ኮንግ ሲኒማ ዕድሜውን የጨረሰው በመሞት ነው። በጎራዴ ተወግቶ ሞቷል፣ ከፎቅ ተወርውሮ ሞቷል፣ የዋናዋን ተዋናይት ቀሚስ ለብሶ በእሷ ፋንታ ደረጃ ላይ ተንከባሏል። ፊቱን ልብ ብሎ ያየ ተመልካች ግን የለም። ካሜራው የሚወደው ጀርባውን ነበር።

በዚያ አገር የፊልም ሙያ ሬሳ ሆኖ ለተኛ ሰው ሟርቱ እንዲርቅለት በቀይ ፖስታ ትንሽ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ገንዘቡም በዕለቱ መጥፋት አለበት። ኮይ ሁልጊዜ የተጠበሰ ዝይ ገዝቶ ይገባል። ሚስቱ ፉንግ ዪ ሽታው ገና ከደረጃው ሲደርሳት ታውቃለች።

«ዛሬም ሞትክ እንዴ?»

«ምን ላድርግ፣ ዝይ ትወጃለሽ!»

ባለፈው ዓመት ኮይ በሳንባ በሽታ የምሩን ሞተ። ፉንግ ዪ ከዚያ ወዲህ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በየዓመቱ በቴሌቪዥን በሚተላለፈው የፊልም ሽልማት ምሽት የዓመቱ ሟቾች ሲታሰቡ የባሏ ፊት ከነስሙ እንዲታይ። ለአዘጋጆቹ ደውላ ስትጠይቅ፣ ፊቱ በደንብ የሚታይበት ፊልም ካላት እንድታመጣ ነገሯት።

ከኮይ ጋር አብሮ ሲወድቅና ሲነሳ የኖረው ሺንግ መጣና አሮጌ ፊልሞችን ያዩ ጀመር።

«ይኸው እትዬ! የኮይ ትከሻ!»

«ትከሻ ምን ያደርግልኛል? ፊት ፈልግልኝ እንጂ አንተ ሰው!»

በመጨረሻ ራሷ አስታወሰች። በአንድ ፊልም ላይ የኮይን ፎቶግራፍ በሟች መሠዊያ ላይ አስቀምጠው፣ ታዋቂዋ ተዋናይት ሌንግ ዋይ ሱት ሟቹ ባሌ ብላ አልቅሳበታለች። የዚያን ቀን ፉንግ ዪ በንዴት ጦፋ ነበር። በቁሙ ያለ ሰው ፎቶው መሠዊያ ላይ ወጥቶ ዕጣን ይጨስለታል? ለሌላ ሴት ባል መሆኑም አልጣማትም። ዝይውን ሳትቀምስ ተኛች፣ በኋላም የፊልሙ ቅጂ ሲመጣላቸው ከአልጋ ሥር ወረወረችው። አሁን አቧራውን ጠርጋ ይዛው ሄደች።

የተቀበለቻት ልጅ ትሁት ነበረች። «እናቴ፣ ይሄን ፊልም ስንፈልገው ነው የከረምነው! በእርግጥ እንጠቀምበታለን» አለቻት። ፉንግ ዪ ደስታዋ ከልክ አለፈ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች፣ ዝይ ገዛች፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ወንበር ደረደረች። ኮይን ከሞተ በኋላ ሰው ልታደርገው ነው።

ሟቾቹ በየተራ መታየት ጀመሩ። ድንገት ያ መሠዊያ መጣ። ሻማ፣ ዕጣን፣ ከመሃል የኮይ ፈገግታ።

«ወጣ! ኮይ ወጣ!» ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ።

ከፊቱ ተንበርክካ የምታለቅሰው ሌንግ ዋይ ሱት ነበረች። እሷም በዚያው ዓመት ሞታለች። ከሥር የተጻፈው ስም የእሷ ብቻ ነው። ፉንግ ዪ ለእሱ ብላ የወሰደችውን ፊልም ለሴትየዋ መታሰቢያ አደረጉት።

እስኪያልቅ ጠበቀች። ሌላ ሟች፣ ሌላ ሟች፣ ከዚያ አዳራሹ ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ። የኮይ ተራ አልመጣም፤ ከእንግዲህም አይመጣም፣ የሚታሰበው የዓመቱ ሟች ብቻ ነውና። ጎረቤቶቹ አሁንም «እንኳን ደስ አለሽ» ይላሉ። የገባው ሺንግ ብቻ ነው፣ አንገቱን ደፍቷል።

«ብላ እንጂ» አለችው ዝይውን እያስጠጋች። «ይሄን የገዛሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ሲገድሉት ቀይ ፖስታ እንኳ አልሰጡትም።»