ፎሌ የማይወድ መኪና

ሰዎች መንገድ ላይ ያስቆሙኝና ይጠይቁኛል። የቱ ይሻላል፣ ቤንዚኑ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ነው፣ ወይስ ያ ሁለቱንም የሚበላው? ዕድሜዬን መሪ ይዤ ስለጨረስኩ የማውቅ ይመስላቸዋል። እኔ የማውቀው ሁሉም በየራሱ መንገድ እንደሚያደክም ነው። ለማንኛውም አንድ ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው መዝኑት።

መንዳት የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው፣ ከጂንካ ዲመካ። የአንድ ነጋዴ የቤንዚን ፒካፕ ነበረች። አስፋልትን በስም ብቻ ነበር የምናውቀው። ቤንዚን በበርሜል ይመጣል፤ ከበርሜሉ በጎማ ቱቦ፣ በአፋችን ስበን እንቀዳለን። ስንት ጊዜ እንደዋጥኩት እኔና ጨጓራዬ እናውቃለን። ዝናብ ሲጥል የአሸዋው ወንዝ ይሞላል። እስኪጎድል ቁጭ ነው። ከጎደለም በኋላ ማራገቢያውን የሚያዞረውን የሞተር ቺንጋ ፈትተን ነው የምንሻገረው፤ ካልተፈታ ማራገቢያው ውሃ ይረጭና ሞተሩን ያጠፋዋል። ያኔ የጂንካ መብራትም በጀኔሬተር ነበር። አመሻሽ ላይ ይበራል፣ ሰው እራቱን ሳይጨርስ ይጠፋል። መብራቱ ራሱ ናፍጣ ይጠጣ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ ልጆች ስለ መብራትና ስለ ነዳጅ ሲከራከሩ ዝም የምለው ለዚህ ነው። ሁለቱን በአንድ በርሜል አውቃቸዋለሁ።

ቤንዚን እንዲህ በመከራ የሚገኝ ነገር ስለነበር እኛ ሾፌሮች አንድ ብልሃት ነበረን። ቁልቁለት ሲመጣ ማርሹን ነጥቆ ፎሌ ማስገባት። ፎሌ ማለት መኪናው ከማርሽ ተለቆ በገዛ ክብደቱ ሲንከባለል ነው። በመንገዱ መሃል ካለችው ከቀይ አፈር ከተማ ወደ ዲመካ ሲኬድ ብዙው ወደ ታች ነው። በፎሌ የማይወርድ ሾፌር «አባካኝ» ይባላል፤ ልጁን የሚድርለት የለም እያልን እንስቅበት ነበር። ትራፊክ ይቆጣል፣ ፍሬን ይግላል፣ አንዳንዱም ገደል ገብቷል። ግን ተውን? አልተውንም። ዓይኔ ቁልቁለት ከማየቱ በፊት እጄ ያውቀዋል። ዳገቱ አናት ላይ ስደርስ አልነግረውም፣ ራሱ ይሄዳል።

ኋላ የራሴን ፒካፕ ገዛሁ። ሚስቴ ዲመካ ገበያ ቅቤና ማር ከሐመር ሴቶች ትገዛለች፣ አምጥታ ጂንካ ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎኔ ትቀመጣለች። እኔ አሪ ነኝ፣ እሷም አሪ ናት። ሰው ሲኖር በአማርኛ እንነጋገራለን፣ ስንጣላ በአሪኛ። ከዲመካ እስከ ጂንካ ብዙ አሪኛ አውርተናል።

አሁን ፒካፑ ሞተሩ ጨርሷል። መካኒኩ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ሰማና «አባባ፣ ይሄ ሞተር አይደለም፣ ሳል ነው» አለኝ። ቤንዚኑም እንደዚያው ነው። ማደያው ሲኖረው ሰልፉ ከከተማው ይወጣል፤ መኪና ውስጥ ነው የምናድረው። ሲያልቅበት ደግሞ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ግማሹ ቤንዚን ይሁን ግማሹ ውሃ የሚያውቀው ሻጩ ነው። ልጄ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ከሰልፍ አድሬ ባዶዬን ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ በቃ። ጡረታ ውጣ።»

«ጡረታ የተቀጠረ ሰው ነው የሚወጣው። እኔን ማን ቀጠረኝ?»

«እሺ፣ መኪናው ጡረታ ይውጣ፣ አንተም አብረኸው።»

«እናትሽስ በምን ትሄዳለች?»

«በጭነት መኪና ትሄዳለች። ሌላው ሰው በምን ነው የሚሄደው?»

እናቷ ከጓዳ ሰማች። «በዚህ ጉልበቴ ማሽላ ጆንያ ላይ ልውጣ? አንቺው ውጪና አሳዪኝ!»

ያን ቀን በቤታችን ብዙ ተወራ። አዲስ የቤንዚን መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ያገለገለውን ዋጋ ሲነግሩህ ወንበር ትፈልጋለህ። ያ ሁለቱንም የሚበላው፣ ሃይብሪድ የሚሉት፣ እሱን ቱርሚ ላይ አይቼዋለሁ። አንድ አስጎብኚ ከአዲስ አበባ ይዞት መጥቶ ነበር። ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ሳታስበው ሞተሩ ይነሳል፣ ደግሞ ዝም ይላል። ሾፌሩን እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። «አባባ፣ ሁለት ሚስት ያለው ሰው አይተዋል? እንደዚያ ነው። የአንዷን ስታሟላ የሌላዋ ይጎድላል» አለኝ። እኔም ለልጄ፣ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች፣ ይሄም እንደዚያው ነው አልኳት። ተበላሽቶ ጂንካ ላይ ብትከፍተው መካኒኩ የቤንዚኑን ጎን ያውቀው ይሆናል፤ የሌላውን ጎን አይቶ ክዳኑን በቀስታ ይመልሰዋል።

ስለዚህ የቀረው ኤሌክትሪኩ ነበር። አልወደድኩትም። መብራት ላይ ተደግፎ ዲመካ የሚሄድ ሰው ዝናብ ላይ ተደግፎ እንደሚዘራ ነው አልኳቸው። ልጄ «ታዲያ ስንዘራ የኖርነው በምንድን ነው?» አለችኝ።

የባሏ ዘመድ አርባ ምንጭ ላይ እነዚህን መኪኖች ይሸጣል። ለሙከራ አንድ ላከልን። ልጄ በእናቷ ፊት እንዲህ ስትል ወሰነች። ቅዳሜ ዲመካ ሄዶ ቅቤውን ጭኖ ከተመለሰ፣ ፒካፑን ከጓሮው መሬት ጋር ሸጠን እንገዛዋለን፤ አንተም ትነዳለህ። መንገድ ላይ ከቀረ ግን ቁልፍ ታስረክባለህ፣ ቤት ትቀመጣለህ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ቤት መቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። የተቀመጡትን ጓደኞቼን አይቻለሁ። ግድግዳ ተደግፈው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለያሉ፣ ሌላ ሥራ የላቸውም።

አርብ መብራት ጠፍቶ ዋለና ባትሪው እስከ አፉ አልሞላም። አርባ ምንጭ ደወልን፤ ሰውየው ደርሶ መልስ ይበቃል አለ። ማርሽ የሚባል የለውም፣ የሚዞር ነገር ነው ያለው። ልጄ አሳየችኝ። ዲ ወደ ፊት፣ አር ወደ ኋላ፣ ኤን ፎሌ። የመጨረሻውን ስትል ልቤ ትንሽ ተመለሰ። እዚህም ውስጥ አንድ የማውቀው ሰው አለ አልኩ።

እውነቱን ለመናገር አሄዳዱ ደስ ይላል። ድምፅ የለውም። ሚስቴ «ሞተሩን አስነሳው እንጂ» ስትለኝ የጂንካን ጎረቤት ከተማ ካኮን አልፈናል። ከቀይ አፈር ወደ ፒስታው፣ ወደ ጠጠሩ መንገድ፣ ስንታጠፍ ቁልቁለቱ ጀመረ፣ እጄም ሥራውን ጀመረ። ኤን። ተንከባለልን። ዳገት ሲመጣ ዲ፣ ቁልቁለት ሲመጣ ኤን። እንዲህ ቆጥቤ አላውቅም። ልጄ ከኋላ ሆና መስታወቱ ላይ ያለውን የባትሪ ቁጥር እያየች ግንባሯን ታኮሳትራለች። እሷ መንዳት አታውቅም። እኔ ደግሞ፣ ይሄ መኪና እንደኔ ዓይነት ሾፌር አግኝቶ አያውቅም እያልኩ በሆዴ እኮራለሁ።

ዲመካ ደረስን፣ ሚስቴ ገዛች፣ ጫንን። ስንመለስ ያ ሁሉ ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ጠበቀን። ቁጥሩ እንደ ሰው ዕድሜ ነው፣ ከላይ ሲሆን አይታወቅህም፣ ከታች ሲሆን ይሮጣል። ቀይ አፈር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መኪናው ቀስ አለ፣ ከዚያ ቆመ። ምንም አልጮኸም። ቤንዚን ሲያልቅበት መኪና ያስላል፣ ይንፈራገጣል፣ ይነግርሃል። ይሄ ዝም ብሎ ተኛ።

ልጄ እጇን ዘረጋችና ቁልፉን ከፊቴ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከኋላችን አንድ ፒካፕ መጣ። ሾፌሩን አውቀዋለሁ፤ በርሜል አብረን የሳብን የድሮ ጓደኛዬ ነው፣ እስካሁን በቤንዚን ይሠራል። አንገቱን አወጣ።

«ምነው ሽማግሌው፣ ካርድ አለቀብህ?»

«ሂድ ወደዚያ።»

«ሚስኮል አድርግላት፣ ትነሳለች!»

ሚስቴ በአሪኛ አንድ ነገር አለችው። እዚህ አልጽፈውም። ሳቁን ሳይጨርስ ገመዱን አወጣ፣ ጎትቶንም ቀይ አፈር አንድ ሻይ ቤት በር ላይ አደረሰን። የሻይ ቤቷ ባለቤት የባትሪ መሙያው ገመድ ከመኪናው ወደ ሶኬቷ ሲዘረጋ አየችና «አባባ፣ ለስልክ ማስሞያ ዋጋ አለኝ። ለዚህ ግን እንጃ፣ እንደ ሻይ ልቁጠረው?» አለችኝ። መብራት ስለነበረ አመሰገንኩ። ጓደኛዬ የእሱም ቤንዚን እስከዚያ ብቻ ኖሮ ጀሪካኑን ይዞ ፍለጋ ሄደ። እኛ ተቀመጥን። ቅቤው መቅለጥ ጀመረ።

ልጄ አርባ ምንጭ ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ። ሰውየው ትሁት ነው።

«አባባ፣ ቁልቁለቱን በምን ወረዱት?»

«በፎሌ ነዋ! አንዲት ጠብታ አላባከንኩም።»

ሰውየው ቀስ ብሎ አስረዳኝ።

«አባባ፣ ቁልቁለት እኮ ምግቡ ነው። ዲ ላይ ትተውት ሲወርዱ፣ ጎማው እየዞረ ባትሪውን መልሶ ይሞላዋል። ኤን ላይ ካደረጉት ግን ባዶውን ነው የሚንከባለለው።»

ስልኩን መለስኩላት። እዚያ ሻይ ቤት በር ላይ ድካሜ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያደረገኝ ብልሃት ነበር። ያችን ብልሃት በጣም አሳምሬ ስለሠራኋት ነው የቆምነው። መኪናው ሊበላ አፉን በከፈተ ቁጥር እኔ ማዕዱን አንስቼበታለሁ።

ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። «እንግዲህ መኪናው አልወደቀም፣ አባዬ። የወደቅከው አንተ ነህ። እጅህን መከልከል ካልቻልክ ብንገዛው ምን ዋጋ አለው?»

ልዋሻት አልቻልኩም። «እጄን አላምነውም» አልኳት። «አእምሮዬ ሰምቷል፤ እጄ ግን ስልኩን አላናገረም።»

እናቷ ጉልበቷን እያሸች ነበር፣ ቀና አለች። «እጁን ለእኔ ተዪው። ቁልፉን መልሽለት።»

ልጄ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ከቦርሳዋ አወጣችው።

ጓደኛዬ ጀሪካኑን ባዶውን ይዞ ተመለሰ። ቀይ አፈር ውስጥ ቤንዚን የለም። መኪናውን እዚያው አቁሞ ከእኛ ጋር ተሳፈረ፤ ማን የማንን ካርድ እንደሚሞላ እንግዲህ ይየው። ጂንካ የሚያደርስ ያህል ከሞላ በኋላ ተነሳን። ከቀይ አፈር እንደወጣን ቁልቁለቱ መጣ። ከኋላ ጓደኛዬ ጮኸ።

«ፎሌ አስገባ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

«አንተ ዝም በል!» አለች ሚስቴ።

እጄ ግን ሄዷል። ሲደርስ የሚዞረውን ነገር አላገኘውም፤ የሷን እጅ አገኘ። መዳፏን ቀድማ ላዩ ላይ አድርጋዋለች፣ ቅቤ እንደነካው ነው። እጄ ነካውና ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሄደ። ደግሞ አገኛት። ካኮ ስንደርስ ልጄ ከኋላ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየች። ከተነሳንበት ከፍ ብሏል። ጓደኛዬም አየውና «ይሄ ጥንቆላ ነው» አለ። ልጄ ግን ወደ ወንበሯ ተመለሰች፣ እስከ ጂንካም ስለ ጡረታ አላነሳችም።

መኪናውን ገዛነው። ተሻለ ወይ ብትሉኝ፣ እንጃ። የማደያ ሰልፍ ቀርቷል፤ ሰልፉ ግን ቤቴ ገብቷል። አርብ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱ አጠገብ ወንበር አድርጌ እጠብቃለሁ፣ ድሮ በርሜል እጠብቅ እንደነበረው። ጎማው የሚያልቀው ያው ነው፣ ፒስታው ያው ነው፣ ወገቤም ያው ነው። ዝናብ ሲጥል ወንዙ ይሞላል፤ የሚፈታ ቺንጋ ስለሌለ ዝም ብዬ አየዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እንሄዳለን። እጄ አልተማረም፤ አሁን ይማራል ብዬም አልጠብቅም። ቁልቁለቱ ሊመጣ ሲል ሚስቴ ወሬዋን አታቋርጥም፣ ወደ እኔም አታይም። መዳፏን ብቻ ታስቀምጣለች። እጄ ይሄዳል፣ ያገኛታል፣ ይመለሳል። እንዲህ እያልን ዲመካ እንደርሳለን።