ከምድር ቤቱ ያወጣኋቸው ሰባት ቆርቆሮዎች

ነገሩ የሆነው አምና ኅዳር ውስጥ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ባለው የአክስቴ ቤት ነው። በሕይወቴ ብዙ ሞኝነት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ጥቂቱንም ጽፌ ሰው አስቄበታለሁ። ይህን ግን መርሳትም መሳቅም አልቻልኩም፤ ያደረስኩትን ጉዳት በየቀኑ አየዋለሁና።

አክስቴ እትዬ ዘሃራ የአባቴ እህት ናቸው። ሰማንያን ተሻግረዋል። ባላቸው ሲሞቱ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ፣ ከትዳርም ከመንግሥት ሥራም የተፋታሁት እኔ፣ አንዱ ክፍል ገባሁ። ጋዜጣና መጽሔት ላይ እጽፋለሁ። ሰው ሁሉ ያመነውን አለማመን ልማዴ ነው፤ አንዳንዴም እንጀራዬ።

ቤቱ ቁልቁለት ላይ የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። ከጣውላው ወለል በታች፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ምድር ቤት አለው። መሬቱ አፈር ነው። ሽንኩርት፣ ከሰልና የተሰባበረ ወንበር ይቀመጥበታል። አክስቴ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ስለነበር፣ በቀን አንዴ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደዚያ ይወርዳሉ። ቆይተው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ።

«ዛሬስ ምን ሊያመጡ ወርደው ረሱት?» እላቸዋለሁ።

«ምን ላድርግ፣ አረጀሁ» ብለው ይስቃሉ።

ሰፈሩ ደግሞ የራሱ ወሬ አለው። ጣልያን ሲሸሽ ወርቁን እዚያ ምድር ቤት ቀብሮ ሄዷል ይባላል። ደሴ ውስጥ እንዲህ የማይባልለት አሮጌ ቤት የለም። ወሬው ሁሉ እውነት ከሆነ ጣልያን የመጣው ሊዘርፍ ሳይሆን ሊያስቀምጥ ነበር ማለት ነው። ይህን ቀልድ ያልነገርኩት ጎረቤት የለም። ወሬው ግን አልሞት አለ። ስለዚህ ምድር ቤቱን አስፈትሼ፣ ምንም እንደሌለ አረጋግጬ፣ ስለ ሰው ተላላነት አንድ ጽሑፍ ልጽፍ ተነሣሁ። ርዕሱን ሳይቀር ጨርሼ ነበር።

ለአክስቴ ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እዚያ አፈር ውስጥ እጅህን እንዳታስገባ።»

«ለምን? ጂን አለበት?»

«ቢኖርም ያንተን ምላስ ሲሰማ ጥሎ ሄዷል። ተው ብያለሁ፣ ተው።»

ምክንያታቸውን መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን መልሱን የማውቅ መሰለኝ፤ የአሮጊት ፍርሃት ነው ብዬ አለፍኩት። ብዙም ሳይቆይ ዓይናቸውን ለማስገፈፍ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ገቡ። ልጃቸው ከድጃ አብራቸው ሄደች። ቤቱ ባዶ ሲሆን ሰይድን ጠራሁት።

ሰይድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ መፈለጊያ ገዝቷል፤ በእረፍት ቀኑ የአሮጌ ቤቶችን ምድር ቤት ይፈትሻል። እስካሁን ምን እንዳገኘ ጠየቅኩት።

«ሚስማር፣ ጋሼ። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን የሚስማር ሱቅ መክፈት እችላለሁ።»

ወዲያው ወደድኩት።

መፈለጊያውን መሬት ለመሬት እያወዛወዘ ገባ። ከበሩ እስከ መሃል ጸጥ አለ። ጽሑፌ ተሳካ ብዬ ደስ አለኝ። ከኋለኛው ግድግዳ ሥር፣ ምሰሶው አጠገብ ሲደርስ ግን ጮኸ። አንድ ክንድ ያህል አልፎ እንደገና ጮኸ። እንደዚያ እያለ በአንድ መስመር ሰባት ጊዜ ጮኸ። ሰይድ መፈለጊያውን አጠፋው።

«ጋሼ፣ ይሄ የወደቀ ነገር አይደለም። በክንድ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። እትዬን ሳንጠይቅ አንንካው።»

«ሚስማር ለቃሚው ፈራህ እንዴ?»

«ወላሂ ፈራሁ። ከፈለጉ እርስዎ ይቆፍሩ» ብሎ መሣሪያውን ይዞ ወጣ።

ቆፈርኩ። አንድ ስንዝር ሳይሞላ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ወጣ። ሰባቱም ያው ነበሩ፤ መጠናቸው አንድ፣ ዝገታቸው አንድ። አንዱን ከፈትኩት። የዛገ ምላጭና በበሰበሰ ጨርቅ የተጠቀለለ ቁንጥር ጥቁር ትቢያ ነበር። ሁሉንም ሳፋ ውስጥ ጨምሬ ጭቃቸውን አጠብኩ። ጉድጓዶቹንም ደፈንኩ። ወርቅ ባለመኖሩ ረክቼ ተኛሁ።

በማግስቱ አክስቴ ተመለሱ። የአንደኛው ዓይናቸው መሸፈኛ ተነሥቶላቸዋል። ከስንት ዓመት በኋላ ፊቴን አይተው «ሸብተሃል ለካ!» ብለው ሳቁብኝ። እኔም በሳቁ መሃል ሳፋውን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«ይኸው የጣልያን ወርቅ!»

ጎንበስ ብለው አዩት። ከድጃ አፏን በእጇ ያዘች።

«ከምሰሶው ሲቆጠር አራተኛው የቱ ነው?» አሉኝ አክስቴ።

«አራተኛው ምን?»

«የአሕመድ። የአሕመድ የቱ ነው?»

ከድጃ ናት ያስረዳችኝ። በዚያ ዘመን እናቷን ያዋልዱ የነበሩት ሴት፣ እትብት የቆረጠ ምላጭ ሌላ ነገር መቁረጥ የለበትም ይሉ ነበር። ስለዚህ እናቷ የእያንዳንዱን ልጅ እትብት ከነምላጩ፣ ባላቸው ከሱቅ በሚያመጡት የጫማ ቀለም ቆርቆሮ አድርገው፣ ከምሰሶው ጀምረው በተራ ቀበሩት። ሰባት ልጅ፣ ሰባት ቆርቆሮ። አራቱ በሕይወት አሉ። ሁለቱ በልጅነታቸው ሞተዋል፤ መቃብራቸው ይታወቃል። አራተኛው አሕመድ ግን በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ድምፁም ሬሳውም አልመጣም።

የአሕመድን መጥፋት አውቅ ነበር። እናቱ የት ተቀምጠው ዱዓ እንደሚያደርጉለት ግን አላውቅም ነበር። በየቀኑ ወርደው፣ ከምሰሶው በእጃቸው ክንድ እየለኩ፣ አራተኛው ላይ ይቀመጡ ነበር። የእሱ የሆነ ነገር በምድር ላይ ያለው እዚያ ብቻ ነው። እኔም ባዶ እጃቸውን ሲወጡ አይቼ በመርሳታቸው ስቀልድ ኖርኩ።

ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ምልክት ቢኖር እንኳ አጥቤዋለሁ። የውጭ ሰዎች ቅርሳችንን ከየት እንዳወጡት ሳይመዘግቡ ቆፍረው ወሰዱ ብዬ ሦስት ዓምድ ሙሉ የተሳደብኩ ሰው ነኝ። ለሰይድ ደወልኩለት፤ ምናልባት ተራቸውን አይቶ ይሆናል ብዬ። «እኔ ወጥቼ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለ። «ነግሬዎት ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አክስቴ ጭንቅላቴን እየዳበሱ «አብሽር፣ አብሽር። አንተ ምን ታውቃለህ» አሉኝ። ስለ እውቀቴ ብዙ ሰው ብዙ ብሏል፤ ይቅርታ ሊያደርግልኝ ብሎ እውነቱን የነገረኝ ግን ከእሳቸው በቀር የለም።

በሳምንቱ ሰይድ ሳልጠራው መጣ። ሰባቱንም ቆርቆሮ እንደገና በመስመር ቀበርናቸው፤ የትኛው የማን እንደሆነ ሳናውቅ። በዚያው ቀን አክስቴ ወረዱና ምሰሶው ሥር፣ የመጀመሪያው ላይ ቁጭ ብለው ዱዓ አደረጉ። በግድ ተነሥተው ሁለተኛው ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ አራተኛው እኮ ወዲያ ነው።»

«ቦታውማ ወዲያ ነው። እሱ የት እንዳለ ግን ማን ያውቃል? አንዱን ዘልዬ፣ የዘለልኩት እሱ ቢሆንስ?»

ጽሑፉን አልጻፍኩትም። ሰፈሩ አሁን የጣልያንን ወርቅ አውጥቼ ደብቄዋለሁ ይላል፤ አላስተባብልም። አክስቴ ዛሬም በየቀኑ ይወርዳሉ። ዓይናቸው ድኗል፤ ጉልበታቸው ግን እየከዳቸው ነው። ድሮ አንድ ጊዜ ነበር የሚቀመጡት። አሁን ሰባት ጊዜ ይቀመጣሉ፣ ሰባት ጊዜ ይነሣሉ። የሚቀመጡበትን በርጩማ ይዤ፣ ተከትያቸው ከቦታ ቦታ የማዞረው እኔ ነኝ።