አባ ጎርፍ ይባል የነበረው ቡድናችን

አዲስ የተነከረ የአቡጀዲ ጨርቅ ሽታ ባፍንጫዬ ሲገባ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ዳንግላ የነበረው የአባቴ ግቢ ወዲያው ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ታላቅ ወንድሜ ዓለሙ የእናቴን ትልቅ ድስት ሳያስፈቅድ አውጥቶ፣ ከገበያ የገዛውን ቀይ የቀለም ዱቄት በፈላ ውሃ በጥብጦ፣ የኳስ ቡድን ጓደኞቹን ሸሚዞች ተራ በተራ እየነከረ አጥሩ ላይ ሲያሰጣ፣ ሽታው ግቢውን አልፎ እስከ ጋሪ መቆሚያው ይደርስ ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲያ በዚያ ድስት ወጥ አልሠራችበትም። ሸሚዞቹ ሲደርቁ ወደ እኔ ይመጡ ነበር፤ ደረታቸው ላይ የቡድኑን ዓርማ፣ ፈረስ፣ የምስለው እኔ ነበርኩና። በከተማው ውስጥ ፈረስ አሳምሮ የሚስል ከእኔ በቀር አልነበረም።

ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የለየሁት ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈው የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ ሥዕል ደግሞ ከአባቴ ፈረስ። አባቴ ጋሪ ነጂ ነበርና ከሥራ ገብቶ ፈረሱን ፈትቶ ውሃ እስኪያጠጣ ድረስ፣ እኔ የጋሪውን ሳንቃ በከሰል የፈረስ አንገትና የፈረስ እግር እየሣልኩ እሞላው ነበር። ዛሬ ሥዕል በትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች አይቻለሁ፤ ከጆሮ እስከ ጭራ እጁን ሳያነሳ ፈረስ የሚያወጣ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ አወጣ ነበር።

የቡድኑን ስም ያወጣው ዓለሙ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ፈንታ፣ በጠላት ወረራ ዘመን ዱር ገብቶ የቀረ አርበኛ ነበር፤ የፈረሱ ስም ጎርፍ ስለነበር እሱም እንደ ጊዜው ወግ «አባ ጎርፍ» ተብሎ ይጠራ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም። ፈረሱ ብቻውን፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ወደ ቤት ሲመለስ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በአጎቴ ጋሻና ልብስ አስጊጦት በለቅሶው ሜዳ እያዞረው፣ «አባ ጎርፍ፣ አባ ጎርፍ» እያለ አለቀሰ። ለቅሶውን የመራችው እህቱ፣ አክስቴ ይመኙሻል፣ ነበረች። እኔ ያን ጊዜ ገና ያልተወለድኩ ብሆንም፣ ታሪኩን አጥርቼ ስለማውቀው በቦታው ከነበሩት መካከል እንኳ እኔን የሚጠይቁ ነበሩ።

ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሲጠጥር፣ በጥቅምት፣ ልጆቹ ከገበያው ጀርባ ያለውን መስክ ከከብቶች ጋር ተሻምተው፣ አባቴ በጋሪ ባመጣላቸው የእንጅባራ ቀርከሃ ጎል ሠርተው፣ እሁድ እሁድ ይጫወቱ ጀመር። አብዛኞቹ በባዶ እግራቸው ነበሩ። ተመልካቹ ግን «አባ ጎርፍ! አባ ጎርፍ!» ብሎ ሲጮህ የከተማው ውሾች ሁሉ አብረው ይጮሁ ነበር፤ ዓለሙም ኳሱን ይዞ ሲሮጥ አጎቴ ራሱ ከዱር የወጣ ይመስል ነበር።

በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን የእንጅባራ ልጆች በጭነት መኪና ተሳፍረው መጡና አሸነፉን። እንደ ልማዱ ተሸናፊ አንድ ሸሚዝ ለአሸናፊ ይሰጥ ነበርና ሰጠናቸው። እነሱም ሸሚዙን ወስደው ድንች የጫነች አህያ ጀርባ ላይ አለበሱና፣ አንዱ ነጠላ አዘቅዝቆ እንደ አልቃሽ ደረቱን እየደቃ፣ ሌላው አህያዋን እየሳበ፣ በገበያው መሀል ያዞሯት ጀመር። «አባ ጎርፍ፣ ምነው በጥር ደረቅህ!» እያሉ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ አንድ ጊዜ በአገውኛ ሙሾ ያወርዱ ነበር። ገበያተኛው ሳቀ። የሣልኩት ፈረስ በአህያ ጀርባ ላይ ሆኖ እንኳ ያምር እንደነበር አስታውሳለሁ።

አክስቴ ይመኙሻል ጌሾ ልትሸጥ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ተነስታ፣ ጌሾዋን እንደተበተነ ትታ፣ ሰዉን በክንዷ እየከፈለች ደርሳ የአህያዋን ገመድ ያዘች። ሸሚዙን ገፍፋ፣ አጥፋ፣ ከብብቷ ሥር ሸጉጣ ሄደች። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። የእንጅባራ ልጆች የቡድን ስም መስሏቸው እንጂ የሞተ ሰው ስም መሆኑን አያውቁም ነበር፤ ሲነገራቸው ያ ነጠላ ያዘቀዘቀው ልጅ እየሮጠ ተከትሎ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እሷ ግን አላየችውም።

በማግስቱ ወደ ቤታችን መጥታ ከደጃፉ ቆመች። አባቴ ግቢ ብሎ ቢለምናት እንቢ አለች።

«ወንድሜን ሁለተኛ አስለቀሳችሁኝ» አለችው። «ስሙን መልሱልኝ። ፈረሱንም ከልጆቹ ደረት አውርዱልኝ። እስከዚያ የዚህን ቤት እህል አልቀምስም።»

አባቴ ከእሷ በቀር እህትም ወንድምም አልቀረውም ነበር። ዓለሙን ለመነው፣ ተቆጣው፤ ዓለሙ ግን ስሙን ካወረድን ቡድኑ ይበተናል፣ ደግሞም ጥፋቱ የቀለዱት እንጂ የእኛ አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። ዐቢይ ጾምን ሙሉ አባትና ልጅ በአንድ ገበታ ቀርበው አልተነጋገሩም፤ ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ በእኔ በኩል ነበር የሚላላኩት። ፋሲካ ሲመጣ አክስቴ እንደ ወትሮዋ ከእኛ ጋር ልትፈስክ አልመጣችም። አባቴ የእሷን ድርሻ በሳህን ለይቶ አስቀመጠና የራሱንም ሳይነካ ተነስቶ ወደ ፈረሱ ሄደ። ዓለሙ ይህን አየ።

በዚያው ሳምንት ልጆቹ በግቢያችን ተሰበሰቡ፤ ግማሾቹ ጋሪው ላይ፣ ግማሾቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ደጃፉን ሳታልፍ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር የምትናገረው።

«አክስቴ፣ አጎቴን ያዋረድነው እኛ አይደለንም» አላት ዓለሙ። «ከእርስዎና ከአባቴ በቀር ስሙን የሚያነሳ ሰው ጠፍቶ ነበር። ዛሬ በየመንገዱ ያለው ሕፃን ሳይቀር ይጠራዋል።»

«ይጠራዋል። ማን እንደሆነ ግን ያውቃል?» አለች። «የፈረስ ስም በጦር ሜዳ ይጠራል፣ በለቅሶ ይጠራል። በቅሪላ ላይ አይጠራም። እናንተ በተሸነፋችሁ ቁጥር የሚወድቀው እሱ ነው።»

በመጨረሻ በረኛው ሙላት ራሱን እያከከ፣ «እንግዲህ ፈረሱን ከደረታችን ካወረዳችሁት ወደ እንጅባራ በእግራችን ልንሄድ ነው?» ሲል ሳቅ ሆነ፤ አክስቴም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ሰው ፈገግ ባለበት ሰዓት ብድግ ብዬ፣ ስሙ ይቅርና ፈረሱ ይቆይ፣ ፈረስ የማንም አይደለም ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ሐሳብ አልሰማሁም፤ ያን ቀን ግን ቁጭ በል ተባልኩ። ዓለሙ ወደ አባታችን ዞሮ ሲያየው፣ አባታችን ጀርባውን ሰጥቶን የፈረሱን ልጓም ያጠብቅ ነበር። «ይቅር» አለ ዓለሙ። «ኮከብ እንባላለን።»

በየሸሚዙ ላይ ፈረሱን በጥቁር ኮከብ የሸፈንኩትም እኔ ነኝ። ኮከቦቹ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ ፈረሶቼ ግን ትልልቅ ስለነበሩ ጭራቸውና ኮቴያቸው ከሥር ወጥቶ ቀረ፣ ሌሎች ቡድኖችም «ጅራታም ኮከብ» እያሉ ይቀልዱብን ጀመር። አክስቴ ደጃፋችንን አልፋ ገባች፣ ከአባቴ ጋር ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ እህላችንን ቀመሰች። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሜዳውን ባረሰረሰበት እሁድ፣ አክስቴ ከእኛ ቤት ነበረች። ከመስኩ ጩኸት ሲመጣ ቀና ብላ አዳመጠችና፣ ማንን ነው የሚጠሩት ብላ አባቴን ጠየቀችው። ኮከብን ነው አላት።

«እሁድ እሁድ ደጄ ላይ እቀመጥ ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «አገሩ ሁሉ ሲጠራው፣ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። የጠላሁት ሲቀልዱበት ነው። ሲጠሩትማ . . .» ብላ ተወችው።

ዓለሙ ከጨዋታ ተመልሶ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷት ነበር። «እንመልሰዋለን፣ አክስቴ» አላት።

«እንደ ልብስ አወለቃችሁት፣ እንደ ልብስ ደግሞ ልትለብሱት?» አለችው፣ ሳትቆጣ። «ተወው፣ ልጄ። እኔው ነኝ የቀበርኩት።»

ከዚያ ክረምት በኋላ ወንድሜ ኳስ አልነካም። አክስቴም እስክትሞት ድረስ ስሙን ስትጠራ አልሰማኋትም፤ በእሷ ለቅሶ ላይም የሚጠራው አልነበረም።

አሁን የምኖረው እንጅባራ ነው። በቅርቡ ተጫዋቾቹ በደመወዝ የሚያድሩበት አንድ ቡድን ስሙንና ዓርማውን ይቀይር አይቀይር የሚል ስብሰባ ሲጠራ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ቀርቶ ስብሰባ ስለማይሞላ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ወጣቶቹ የትኛው ሥዕል በማልያ ላይ እንደሚያምርና የትኛው ስም ለአፍ እንደሚቀል በጥሩ አነጋገር ተከራከሩ፤ ለረጅም ጊዜ ተናገርኩ፣ አጨበጨቡልኝም። በእኛ ጊዜ በአንድ ስም ምክንያት እህት ከወንድሟ እህል ሳትቀምስ ትከርም ነበር፤ እዚህ ግን አሮጌው ስም የማን ነበር ብሎ የጠየቀ የለም፣ ድምፅ ተሰጥቶ በሰላም ተበተንን። የቱ እንደሚሻል እኔ፣ ብዙ ነገር የማውቀው ሰውዬ፣ አላውቅም።

ከአዳራሹ ወጥቼ በመንገዱ ዳር ብቻዬን ስሄድ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አባ ጎርፍ!» አልኩ። አንድ ባጃጅ የጠራሁት መስሎት ጥግ ይዞ ቆመልኝ።

«ወዴት ነዎት፣ አባባ?» አለኝ ልጁ።

ወደ ቤት አልኩትና ገባሁ።