የጡት እናት

ሊወስዱኝ የመጡት ሰሌዳ እያጠፋሁ ሳለ ነው። ቡሬ ላይ የዩኒቨርሲቲ የአገልግሎት ዓመቴን አስተምር ነበር። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ "አስተማሪ፣ አንዴ ይፈለጋሉ" አለኝ፤ በጣም በትሕትና። እጄን የታጠብሁት ፍኖተ ሰላም እስር ቤት ከደረስሁ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ጠመኔው ከጣቶቼ አልለቀቀም።

ጥፋቴ ለተማሪዎቼ የአንዲት ጸሐፊት ሕይወት መንገሬ ነበር። ሴትዮዋ በደቡብ አፍሪካ የምትኖር ነጭ ናት፤ ጥቁርና ነጭ በሕግ መለያየታቸውን ተቃውማ የጻፈቻቸው መጻሕፍት ታግደውባታል። አንድ ተማሪ "በእኛስ አገር?" ብሎ ጠየቀኝ። "አስቡበት" አልሁ። መርማሪው ስለዚህች አንዲት ቃል ደጋግሞ ጠየቀኝ።

የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነበር፤ ጭስ ጭስና የሕፃን ሽንት ይሸታል። ሦስት ሴቶች ነበሩ። በዕድሜ የገፉት በድንበር ጠብ የታሰሩ ባለርስት ናቸው፤ ሁሉም "እሜቴ" ይላቸዋል። ሁለተኛዋ ሕፃን የታቀፈች እመጫት ናት፤ ባሏ መሬት ሊገምቱ የመጡትን ሰዎች ሸሽቶ ጫካ ቢገባ እሷን በእሱ ፈንታ ያዟት። ሦስተኛዋ ነፋስ ከሚገባበት ከበሩ ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች። ሸክላ ሠሪ ናት። ከእሷ ድስት የገዛች ሴት በማግሥቱ ብትታመም "በልታታለች" ተብላ ተከሰሰች። የሸክላ ሠሪ ዓይን ሰው ይበላል ይባላልና ማንም አይጠጋትም። የተረፈው ቦታ እሷ ጎን ስለነበረ እዚያው ተቀመጥሁ።

"አንቺስ ምን አድርገሽ ነው?" አሉ እሜቴ።

"አስተምሬ ነው።"

"ማስተማር ያሳስራል እንዴ? ሴት የኔታ ሳላይ ልሞት ነበር! በይ ለእኛም አስተምሪን።"

የጸሐፊቷን ነገር ነገርኋቸው። ድምፄ ትንሽ ነው። "ጎላ አድርጊው እንጂ፤ ለራስሽ ነው እንዴ የምትነግሪው?" አሉኝ።

"ነጭ ሆና ለጥቁር መሟገቷ፣ ምኗ ናቸው?" አለች እመጫቷ።

"ያሳደገቻት ጥቁር ሞግዚት ናት" አልሁ። "በልጅነቷ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረው ቢቀመጡ፣ ወንበሩ የነጮች ነው ብሎ ፖሊስ ሞግዚቷን አስነሣት። ካደገች በኋላ ያንን ጻፈችው። ወዳጆቿ ራቋት፣ ቤቷም ተፈተሸ። መጻፏን ግን አልተወችም።"

"አጥብታታለች?" አሉ እሜቴ።

"አላውቅም። መጽሐፉ አይልም።"

"ካጠባቻትማ የጡት እናቷ ናት! ለእናቷ መሟገቷ ምን ይደንቃል? እናትን ከልጇ ጎን የሚያስነሣ አረመኔ!" መሬቱን በመዳፋቸው መቱት። ሸክላ ሠሪዋ ቀና ብላ አየቻቸውና መልሳ አቀረቀረች።

በማግሥቱ እመጫቷን ትኩሳት ጣላት፤ ጡቷም ነጠፈ። ጠባቂውን ወተት ለመንነው። "አለቃዬ ሳይፈቅድ አይሆንም" አለ፤ አለቃው ደግሞ ገጠር ወጥቷል። የአብሽ ውሃ በጣት ብናቀምሰው ሕፃኑ ተፋው። ቀትር ላይ ልቅሶው እየሳሳ መጣ። ከጩኸቱ ይልቅ መሳሳቱ አስፈራኝ።

የሸክላ ሠሪዋ ቀሚስ ደረቱ ላይ መርጠቡን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የሚጠባ ልጇን ለእህቷ ትታ ነው የመጣች። ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ወተቷ ይመጣል፤ ወደ ግድግዳው ዞራ መሬት ላይ ታልበዋለች።

"እሷ ወተት አላት" አልሁ። ማንም አልሰማኝም። ደግሜ አልሁት።

እመጫቷ ልጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። "ዓይኗስ? እኔ እንደሁ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።"

እሜቴ ነጠላቸውን አውልቀው ወደ በሩ ወረወሩት። "ፊቷን ትሸፈንና ታጥባው።"

ሸክላ ሠሪዋ ነጠላውን አነሣች። ጫፍ ከጫፍ እያገጠመች በዝግታ አጠፈችውና እሜቴ እግር ሥር አኖረችው።

"ይማሩኝ እሜቴ። ይህ ልጅ ሲያለቅስ እኔም አንጀቴ አይችልም፤ ወተቴን እዩት፣ ይፈሳል። ተሸፍኜ ግን አላጠባም። የምሰርቀው ነገር የለም። የራሴን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው የማጠባው፤ ይህንንም እንደዚያው ነው።"

እመጫቷ የሸክላ ሠሪዋን ፊት አየች፤ ከታሰሩ ወዲህ አይታት የምታውቅ አይመስለኝም። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች፤ እየተንገዳገደች በሩ ድረስ ሄደችና ልጁን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

"እይው" አለቻት። "እይው እህቴ።"

ልጁ መጀመሪያ እምቢ አለ። ግንባሩን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች "እንካ አባቴ፣ እንካ የኔ ጌታ" ስትለው ያዘ። ሲውጥ ይሰማ ነበር። እናቱ ጎናቸው ተቀምጣ ሁለቱንም ታያለች።

እሜቴ ይቅርታ አልጠየቁም። "ልጁን ነፋስ ይመታዋል፤ ወዲህ ግቡ" አሉና ከአጎዛቸው ግማሹን ለቀቁላቸው።

እኔን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምንም ሳይሉ ፈቱኝ። ስለ እስሩ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ መርማሪው መስማት ይወዳሉ፤ ያለውን እነግራቸዋለሁ፣ ብዙም አይደለም። ብቻዬን ስሆን የማስበው ልጁን ነው። አሁን ፊደል የሚቆጥርበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። በዚያ አገር የጡት እናት በልጇ ሰርግ ተጠርታ ከወላጆቹ ጋር ትቀመጣለች። እሷን ይጠሯት ይሆን እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን አዎን፣ አንዳንድ ቀን እንጃ። ሰርጉ ገና ሩቅ ነው።