የጋሽ ፍሬቻ በረንዳ

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጋሽ ፍሬቻ፣ ወቅት በተለወጠ ቁጥር በረንዳቸውን ያስጌጣሉ። በክረምት በባዶ የቀለም ቆርቆሮ አበባ ይተክላሉ፤ በመኸር ዱባ በየደረጃው ይደረድራሉ። ሙገሳ የሚጠብቁ እንዳይመስሉ ግን ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ፊት ለፊታቸው የድሮ አውቶቡሳቸው የኋላ ማሳያ መስታወት ተሰቅሏል። «ለጌጥ ነው» ይላሉ።

ዘንድሮ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆም እያለ ፈገግ ሲል በመስታወቱ አዩና ልባቸው አበጠ።

«አየሽ? ዱባዬን እንዴት እንደወደዱት!» አሉ ለባለቤታቸው።

«የምን ዱባ! አንተ በመስታወቱ ካየሃቸው እነሱስ የማያዩህ መሰለህ? የሚስቁት አንገትህን አስግገህ ስትሰልላቸው እያዩ ነው።»

ጋሽ ፍሬቻ በማግስቱ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከረባት አስረው፣ እንደልማዳቸው ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀመጡ።