አልገጥም ያሉት ብሎኬቶች

መገናኛ አካባቢ በሚሠሩት ሕንፃዎች አጠገብ ሳልፍ፣ ከእርጥብ ሲሚንቶ ጋር የተደባለቀ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ድንገት ይመጣና የካ ተራራ ሥር ወደነበረው ግቢያችን ይመልሰኛል። አባዬ አናጺ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር፣ ሲሚንቶው እንዳይጣበቅበት የጣውላ ፎርማውን በተቃጠለ ዘይት ቀብቶ፣ ድብልቁን ጠቅጥቆ፣ ብሎኬት እያወጣ ግቢው ውስጥ ይደረድር ነበር።

ፎርማውን የነደፈው ራሱ ነው። አንዱ ብሎኬት ብቻውን ሲታይ ጥጉ ላይ ግማሽ ቅጠል የሚመስል ቀዳዳ ያለበት ተራ ነገር ነበር፤ አራቱ ሲገጥሙ ግን መሐላቸው አበባ ይከፈትና አየር ያስገባል። ሥራው ሁሉ ለእማዬ ነበር። ሳንባዋ ታሞ፣ ሐኪሙ አየር የሚገባበት ክፍል ያስፈልጋታል ስላለ፣ ጨለማ ከሆነው የጭቃ ቤታችን ጎን አንድ ግድግዳው በሙሉ አበባ የሆነ ክፍል ሊሠራላት ተነሣ።

በጋውን ግድግዳው እስከ ትከሻዬ ደረሰ። እማዬ ደጅ ጋቢዋን ተከናንባ ፀሐይ እየሞቀች፣ ጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ «ሰውዬው ቤት ይሥራልኝ ጥልፍ ይጥለፍልኝ አልገባኝም እኮ!» እያለች ትስቅ ነበር፤ ሳቋ ወደ ሳል እስኪለወጥ ድረስ።

ክረምት ገባ። የእንጦጦ ጉም እስከ አጥራችን ድረስ እየወረደ፣ ዝናቡ ቀን ከቀን እየጣለ፣ ጣውላው ውኃ ጠጥቶ አበጠና ፎርማው ጠበበ። የሐምሌዎቹ ብሎኬቶች ከበጋዎቹ በጣት ያህል አንሰው ወጡ፤ ቅጠሉ ከቅጠሉ አልገጥም አለ። እንጨት በዝናብ እንደሚያብጥ፣ ለሰው በር ሲሠራ ፈጽሞ የማይረሳውን ነገር፣ ለሚስቱ ሲሠራ ረሳው። እያንዳንዱን እያነሣ ይለካና እየተናደደ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ይከምረዋል።

«ክፍተቱን በሲሚንቶ ድፈነው በቃ» አለችው እማዬ፣ አንድ ቀን ከአልጋዋ ሆና። «እኔ አየሩን እንጂ አበባውን መች ልተነፍሰው ነው?»

«ካልገጠመማ አልሠራውም። ፀሐይ ይውጣና ጣውላው ይድረቅ፤ ትንሽ ታገሺኝ።»

ታገሠችው። ነሐሴን እንደ ምንም ጨረሰች፤ መስከረም ሳይጠባ፣ በጳጉሜ ሞተች።

በማግሥቱ ዝናቡ የእድሩን ድንኳን ዘልቆ ለቀስተኛውን አበሰበሰው። የእድሩ ሰዎች መቀመጫ ቢያጡ ያልተጨረሰውን ክፍል አዩ፤ አባዬን ሳያስፈቅዱ፣ አልገጥም ያሉትን ብሎኬቶች ከጠፈጠፉ ሥር እያነሡ፣ ክፍተቱን በሲሚንቶ እየደፈኑ፣ ከሰዓት በኋላ የጀመሩትን ሳይመሽ ጨርሰው ቆርቆሮ አለበሱት። ከሴቶቹ ጋር እዚያ ገብቼ ስቀመጥ፣ በተጣመሙት አበቦች ውስጥ ቀዝቃዛ ንጹሕ አየር ፊቴን ነካኝ። በቀብሩ ያላለቀስኩት ልጅ ያን ጊዜ ጮኽኩ። ለካ የግማሽ ቀን ሥራ ኖሯል! አባዬ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን አንዴ አየውና መልሶ አቀረቀረ።

ለብዙ ዓመት ከእሷ ይልቅ አበባውን ወደደ እያልኩ አኩርፌው ኖሬአለሁ። አሁን ልጆች ወልጄ፣ ሰው የሚወደውን እንዳያጣ ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ካየሁ በኋላ፣ ሥራው እስካላለቀ ድረስ የማትሄድበት መስሎት ይሆን እላለሁ። ጠይቄው ግን አላውቅም።

ዛሬ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ማንም ለማንም ብሎ ያልነደፈው ብሎኬት ነው፣ ልስኑ ሸፍኖታል፣ መስኮቱ ግን ሰፊ ነው። አባዬ እሑድ እሑድ በሁለት ታክሲ ይመጣና መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። አርጅቷል፤ ትንሽ ነፋስ ሲነካው፣ «ልጄ፣ በረደኝ፣ ዝጊልኝ» ይላል። ያኔ አንዲት ሴት አየር ለምና አንድ ክረምት ሙሉ ጠበቀች፤ እኔ ለእሱ ቃሉን እንኳ ሳይጨርስ ተነሥቼ እዘጋለታለሁ። ይቅር ብዬው ይሁን ማኩረፉ ደክሞኝ፣ እስካሁን አላውቅም።